መርዶውን የመለሰው ሬዲዮ

ልጅ እያለሁ መርካቶ እህል በረንዳ ውስጥ ክርክር ሁሉ የሚያልቀው «ሬዲዮው ብሏል!» ሲባል ነበር። በቃ፣ ማን ደፍሮ ይመልሳል? ሬዲዮው ማለት ደግሞ ያገር ቤቱ አይደለም፤ ከባሕር ማዶ በአማርኛ ዜና የሚያሰማው ጣቢያ ነው። አመሻሽ ላይ የሰፈሩ ነጋዴ ሁሉ አባቴ ሱቅ ይሰበሰባል። የጤፍ ብናኝ አፍንጫችንን እየኮረኮረን፣ ጆንያ ላይ ተደርድረን እናዳምጣለን። ያስነጠሰ ይገለመጣል። ያን ሳጥን እንዴት እወደው ነበር!

ታላቅ ወንድሜ ታደሰ በንግድ መርከብ ላይ ይሠራ ነበር። ለእናቴ ከሱ በላይ ነገር የለም። አንድ ምሽት ታዲያ ጣቢያው ከአሰብ የተነሣችው የታደሰ መርከብ በማዕበል እንደሰጠመች፣ አንድም ሰው እንዳልተረፈ ተናገረ። አባቴ ሬዲዮውን ዘጋና ጭንቅላቱን ያዘ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ መርዶው ሳይነጋ ለእናቴ እንዳይነገር ተስማሙ፤ እኔንም አስማሉኝ። እሷ ራቴን ስታጎርሰኝ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ጎህ ሲቀድ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። እናቴ ነጠላውን ስታይ ማንም ሳይነግራት «ልጄን!» ብላ ጮኸች። ድንኳን ተተከለ። ወሬ ሲነግሩህ ሀሳብ ጨምርበት የሚለውን ተረት ያን ቀን ያስታወሰ የለም፤ ሬዲዮው ብሏላ!

ለቅሶ ቤት ሬዲዮ አይከፈትም። ስለዚህ የዚያን ዕለት ምሽት ዜና የሰሙት ከሱቃችን ማዶ ብርድ ልብስ የሚሸጡት ጋሼ ሸምሱ ብቻ ናቸው። ሬዲዮናቸውን እንደታቀፉ ድንኳኑ ውስጥ ዘው አሉ። ሰዉ «አበዱ እንዴ?» ተባባለ።

«ተሳስተናል አለ!» አሉ እያለከለኩ። «መርከቧ ሌላ ወደብ ተጠግታ ሁሉም ተርፈዋል፤ ይቅርታ አድርጉልን አለ!»

እናቴ ቀና አለች። «ትናንት ገደለው፣ ዛሬ አዳነው? እርስዎም ያምኑታል ጋሼ ሸምሱ?»

«እትዬ በለጡ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሏት።

ድንኳኑ ፈረሰ፤ እናቴ ግን ልጄን በዓይኔ ካላየሁ ብላ ጥቁሯን አላወለቀችም። ነጋዴውም ሬዲዮውን «ሟርተኛ» ብሎት ከሱቃችን ቀረ። የሚያዳምጠው አባቴ ብቻ ሆነ። ሲቀልዱበት ዙሪያውን ገልመጥ ያደርግና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስቲ ተሳስቻለሁ ብሎ በአደባባይ ይቅርታ የጠየቀ ትልቅ ሰው ታውቃላችሁ?» ይላቸዋል።

ክረምቱ ሳይወጣ ታደሰ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግን በእግሩ እየሄደ መጣ። እናቴ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ዳበሰችው፣ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ደግሞ አለቀሰች። ማታ ጥቁሯን አውልቃ ሱቅ መጣችና ጆንያ ላይ ተቀምጣ አባቴን «በል ክፈተው» አለችው። ከዚያ በኋላ ሰዉም አንድ በአንድ ተመለሰ። ክርክር ሲነሣ ግን «ነገም እንስማ» ማለት ተለመደ።

ዛሬ ዜናው በየኪሳችን ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ተነካክቶ መስማት ቀረ፣ ይናፍቀኛል። የሚዋሸው ብዙ፣ ይቅርታ የሚለው ጥቂት ነው። ግን ተስፋ አልቆርጥም። በቀደም የልጅ ልጄ «መርካቶ እየተቃጠለ ነው» ብላ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ በስልክ ፎቶ ላከች። ወዲያው ግን ራሷ አጣርታ፣ «ተሳስቻለሁ፤ የቆየ ፎቶ ነው፤ ይቅርታ» ብላ ጻፈች። አጎቶቿ ሳቁባት። እኔ ግን ደወልኩላትና፣ «ጎሽ የኔ ልጅ! ከእንግዲህ አንቺ የነገርሽኝን አምናለሁ» አልኳት።