የብርድ ልብስ ዘፈን

ደርግ በወደቀ ማግስት ቦንጋ ውስጥ ያለ ቢሻው የሙዚቃ ባንድ ሠርግ አይደምቅም ነበር፤ ዘፋኙም፣ ግጥምና ዜማ ደራሲውም እሱ ነው። ባንዱ ሲበተን ድምፁን ጧሪ ላጡ አዛውንቶች መርጃ አደረገው። በየገበያው ማይክ ይዞ ይቆማል፤ ብርድ ልብስ ያመጣ ሰው ዘፈን ያዛል። ሺሺንዳ ገበያም ሄደ ዋጫ ገበያ፣ የሚታዘዘው ያችው የድሮ የፍቅር ዘፈን ናት። ሰው አይሰለቸውም እንዴ? እሱንስ አንገሽግሻዋለች።

ዛሬም ድምፁ ተዘግቶ ወደ አዛውንቶቹ መጠለያ ተመለሰ። ብርድ ልብሶቹን ለአዛውንቶቹ አድሎ፣ እንደ ልማዱ ሊዘፍንላቸው ጉሮሮውን ጠረገ። እትዬ አሰለፈች የደረሳቸውን አንስተው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት።

«ይኸው፣ እኔም ብርድ ልብስ አመጣሁ» አሉት። «የማዝዘው ዝም ብለህ እንድትቀመጥ ነው፣ ልጄ።»