ሳሬ ማለት ሣር አይደለም

ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው። ዕቃዬን በመሸከፍ ላይ ነኝ።

ከደሴ ተዛውሬ ነቀምቴ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ያረፍኩበትን ክፍል ነገ መልቀቅ ስላለብኝ፣ ዛሬ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር ቤት ፍለጋ ስሯሯጥ ቆየሁ።

የሚከራይ ቤት አለበት የተባልኩትን አንድ ግቢ ከፍቼ ስገባ፣ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ፣ አዴ ጫልቱ፣ ከበረንዳ ሆነው «ሳሬ! ሳሬ!» ብለው ጮኹ።

ግቢው ለምለም ሣር ነው። «ሣሬን ረገጥሽብኝ» ያሉኝ መስሎኝ «ይቅርታ እማማ!» ብዬ ከሣሩ ዘልዬ ወደ አጥሩ ጥግ ሸሸሁ።

ውሻው የተኛው እዚያ ጥግ ነበር።

(ሳሬ በኦሮምኛ ውሻ መሆኑን ማን ይንገረኝ!)

ቀሚሴን ነክሶ ሲጎትተኝ እሪ አልኩ። አዴ ጫልቱ ሮጠው መጥተው አንገቱን ያዙልኝ፤ ከዚያ እግሬን አገላብጠው አዩ። የተቀደደው ቀሚሴ ብቻ ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እየነገርኩሽ ለምን ወደ እሱ ትሄጃለሽ?»

«ሣር መስሎኝ ነው» ስላቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሲበርድላቸው «በይ ቤቱን አከራይሻለሁ። ግን ውሻው እስኪለምድሽ ከበር ላይ እኔን ጥሪኝ» አሉኝ።

ነገ እገባለሁ፤ ልቤ ግን አልተረጋጋም። እናንተንስ አዲስ አገር ላይ አንድ ቃል አስሮጧችሁ ያውቃል? እስኪ ንገሩኝ፤ ዕቃዬን እየሸከፍኩ አነባለሁ።