ግድግዳው ላይ የወጣው የአጎቴ ስም

የመጀመሪያው ዱላ አጎቴ ትከሻ ላይ ሲያርፍ እኔ ከፊት፣ ከላፕቶፑ አጠገብ ቆሜ ነበር። ሁለተኛው ጆሮ ግንዱን አገኘው፤ ድምፁ እኔ እስከቆምኩበት ተሰማ። ከዚያ በኋላ ማን እንደመታ፣ ማን እንደገላገለ መለየት አልተቻለም። መካነ ሰላም ውስጥ ስብሰባ በጭቅጭቅ ሲያልቅ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ በደም ሲያልቅ ግን ያን ቀን አየሁ።

ነገሩን ያመጣው የሪፖርት ሶፍትዌሩ ነው። የመረጃ ባለሙያ ሆኜ በምሠራበት የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ድርጅት ዳሽቦርድ የሚሉትን ተክሎልን ሄደ። ዳሽቦርዱ የማዳበሪያ ሥርጭቱን በቀበሌና በስም እየደመረ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን በሥዕል ያወጣል። ደህና የሆነውን አረንጓዴ፣ ለመሬቱ ከሚገባው በላይ የወሰደውን ቀይ ይቀባዋል። ኃላፊያችንን የዳሽቦርዱ ፍቅር ያዘው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሻይ ከማዘዙ በፊት እሱን ያስከፍተኛል።

ሊያሠለጥነን የመጣውን ወጣት «እዚህ አገር አንድ ሰው ነው ለጎረቤቶቹ ሁሉ የሚወስደው» ብዬው ነበር። ከገደሉ ማዶ ያሉት መንደሮች ማዳበሪያ መጣ ሲባል ሁሉም አይወጡም። በቅሎና አህያ አሰባስበው የሚያምኑትን አንድ ሰው ይልካሉ፤ እሱ ፈርሞ የሁሉንም ጭኖ ይወርዳል። በእናቴ መንደር ያ የሚታመነው ሰው ወንድሟ፣ አጎቴ ነበር። አሠልጣኙ ግን «ሲስተሙ የሚያውቀው የፈረመውን ነው» አለኝና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ። ያኔውኑ በጥፊ ማለት ነበረብኝ።

በዚያ ክረምት ማዳበሪያ አጠረ። ለሁሉም የጠየቀው ተቆርጦ ግማሹ ብቻ ደረሰው። ገበሬው ተቆጥቶ አዳራሹን ሲሞላው ኃላፊው «መረጃ አይዋሽም፤ ማን እንደወሰደ ራሳችሁ እዩ» ብሎ ዳሽቦርዱን አስከፈተኝ። እኔ የወረዳውን ድምር አወጣሁለት። እሱ ማውሱን ከእጄ ነጥቆ፣ ብዙ የወሰዱትን ሰዎች የሚያሳየውን ገጽ ከፈተ። የአጎቴ መስመር ከሁሉም ረዝሞ፣ ቀልቶ ቆመ። ኃላፊው ስሙን ጮክ ብሎ አነበበው።

አጎቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር፤ ለጎረቤቶቹ ቀሪውን ሊለምን መምጣቱ ነው። ሊያስረዳ ብድግ ብሎ «ጀመዓ፣ ይኼ እኮ የሁላችን ነው» ሲል አላስጨረሱትም። መጀመሪያ የመታው የገዛ የድንበር ጎረቤቱ ነው፤ አጎቴ በራሱ በቅሎ ማዳበሪያውን ጭኖ ደጁ ላይ ያራገፈለት ሰው። «ለእኔ ግማሽ አምጥቶ ቀሪውን ሸጦታል» እያለ ደገመው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ አጎቴን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሁሉ ረገጠው። ዱላ ያልያዘው የወንበር እግር ነቅሎ መታ። በሰው ትከሻ ላይ ተንጠላጥዬ ስገባ አንዱ ግንባሬን ፈነከተኝ። ደሙ ዓይኔን ሲጋርደኝ ያገኘሁትን እጅ ነከስኩ። የማን እጅ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ እስካሁን ቢያመው ግን ደስ ይለኛል።

የተበተኑት ጥበቃው ወደ ሰማይ ሲተኩስ ነው። አጎቴ ጥርሶቹ ከፊቱ ወድቀው፣ ቀኝ ክንዱ ከክርኑ ወደማይታጠፍበት ታጥፎ ተኝቷል። ኃላፊው ከበሩ ኋላ ነበር። ቴሌቪዥኑን ማንም አልነካውም።

ደሴ ወስደን አሳከምነው፤ ተረፈ። ቀኝ እጁ ግን ከእንግዲህ ዕርፍ አይጨብጥም፤ ማሳውን ለሌላ አራሽ በእኩል ሰጠ። ከእጁ ይልቅ ያቃጠለው ስሙ ነበር፤ ገበያ ሲወጣ ከኋላው ይንሾካሾካሉ። ስሙን አንሡልኝ ብዬ ድርጅቱ ዘንድ ደወልኩ። ሪፖርቱ ስለተዘጋ አይስተካከልም፣ ዓመቱ ሲያልፍ ራሱ ይወርዳል አሉኝ። ስልኩን ወረወርኩት። በመጨረሻ መንደሩ ተሰብስቦ እያንዳንዱ የደረሰውን ሲናገር አጎቴ ከፈረመው አንድ ከረጢት እንኳ አልጎደለም።

ከመኸር በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። ያ የመታው ጎረቤቱ እንደ ዕርቅ ወጉ ጫንቃው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አጎቴ ደጃፍ ላይ ተንበረከከ። ቄሱም ሼኹም «አፉ በሉት፤ ሸይጣን ነው ያሳሳተው» እያሉ ለመኑ። አጎቴ ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ ድንጋዩን አወረደለትና «አፉ ብያለሁ» አለ። ሁሉም አሚን አሉ። እኔ አለቀስኩ፤ ከደስታ አልነበረም፣ ከንዴት ነው።

አጎቴ አይቶኝ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«የእህቴ ልጅ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እሱስ ድንጋዩን ተሸክሞ መጣ። ያ ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁት እቃ መቼ ነው የሚመጣ?»