የጋሽ ተፈራ ትንሽ ቦርሳ

ይህን ለሰው ሳወራ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሽ ተፈራ ኦክላንድ የሚኖሩ የሰባ ዓመት ጡረተኛ መምህር ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ረጅም አለት በገመድ፣ በየእርከኑ እያረፉ ይወጣሉ። እኔንም ሊያስለምዱኝ ፈልገው፣ «ትንሽ ቦርሳ ግዛ፤ ውሃና መሄጃ ጫማ ከያዘልህ ይበቃል» አሉኝ። የመውጫው ጫማ ጠባብ ስለሆነ አያራምድም፤ ከጫፍ የሚወረደው በሌላ ጫማ ነው።

እኔ ግን ሳን ሆዜ ካለ ስቶር ትልቁን ገዛሁ። ሽማግሌ አሸክሜማ አልወጣም ብዬ ነበር።

ፓርኪንጉ ላይ «ጋሼ፣ ቦርሳዎን ይስጡኝ» ብላቸው እምቢ አሉ። የኔው ደግሞ በምሳና በፔርሙዝ ጢም ብሎ መሄጃ ጫማዬ አልገባ አለኝ፤ ጫማውን መኪናቸው ውስጥ ትቼ ሄድኩ። እሳቸው ቦርሳ እያላቸው ጫማቸውን ወገባቸው ላይ አንጠልጥለዋል። በሆዴ ሳቅኩባቸው።

እኩሌታው ላይ አንድ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ስገባ ቦርሳዬ ተሰነቀረ። ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄድ አለኝ። ጋሼ ከላይ ገመድ ላኩልኝና ቦርሳውን አስሬላቸው ጎትተው አወጡት።

ጫፍ ደርሰን የመውረጃውን ኮረት ሳይ ጫማዬ ትዝ አለኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው? አንገቴን ደፍቼ ስንተባተብ ትንሿን ቦርሳቸውን ከፈቱ። ውስጧ ያለው አንድ ኮዳ ውሃና የኔ ጫማ ነበር።

«መኪናውን ስቆልፍ አየሁት» አሉና ጎንበስ ብለው እግሬ ሥር አስቀመጡልኝ።