ሦስት ሰከንድ ለላም በረት

መሳቢያዬ ውስጥ ስፖንጁ ያለቀ ጥቁር ሄድፎን አለ። ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ያ የአሮጌ ላስቲክ ሽታው አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ይመልሰኛል።

ያኔ የምንኖረው ውጭ አገር፣ ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር ነበር። ከትምህርት በኋላ አንድ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ከሌሎች ወጣቶች ጋር እሠራ ነበር። ሥራችን ጎብኚው ዕቃውን እያየ ታሪኩን በስክሪንና በሄድፎን እንዲከታተል ማዘጋጀት ነው። ለእኔ የደረሰኝ ከሐዲያ፣ ከአባቴ አገር የመጣ የወተት ቅል ነበር። መግለጫው ላይ «መያዣ» ከማለት በቀር ምንም አልተጻፈም። ተናደድኩና ታሪኩን በድምፁ እንዲተርክ አባቴን ይዤው ሄድኩ።

አባቴ ቱክዊላ በሚባል አካባቢ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ የሚውል ሰው ነበር። ለቀረጻው ከረባት አሰረ። አፍንጫውን መስታወቱ ላይ አስጠግቶ «በወይራ ታጥኗል» አለ፤ በመስታወት ውስጥ እንዴት እንደሸተተው እሱ ያውቃል። ከዚያ ማይኩ ፊት ተቀምጦ «ተረት ተረት» አለና ዝም አለ። የሙዚየሙ ድምፅ ቀራጭ ጠበቀች። እሱም ጠበቀ።

«አባዬ፣ ጀስት ቀጥል፤ ሪከርድ እያደረገች ነው» አልኩት።

«ተቀባይ ሳይኖር? ከግድግዳ ጋር ነው እንዴ የማወራው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «የላም በረት» አልኩ። ያኔ የቅሉና የአንዲት ግትር ላም ተረት ሳይደናቀፍ ወረደ።

ቀራጯ በኋላ የእኔን ድምፅ አወጣችው፤ ባዶ የቀረችውን ሦስት ሰከንድም ልትቆርጣት ነበር። «ሰው ተበላሽቷል ብሎ ሄድፎኑን ያወልቃል» አለችኝ። እፍረቴ የት እንደገባ እንጃ፣ «ዝምታው የአድማጩ ነው፤ እሱ ከወጣ ተረቱም ይቅር» አልኳት። ሦስቷ ሰከንድ ተረፈች። መልሱንም ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍነው።

በኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ቀን የዝናብ ካፖርት የለበሱ ነጭ አሮጊት ሄድፎኑን አደረጉ። ሰው ሁሉ በሚያንሾካሹክበት አዳራሽ ጮክ ብለው «ያላም ባረት» አሉ። ጥበቃው ዞሮ አያቸው። አባቴ እንደማያገባው ሰው ጥግ ላይ ቆሞ ነበር።

«ተቀበሉኝ እኮ» አለኝ፣ ከረባቱን እየነካካ። ኩራቴን የማደርግበት አጣሁ።

ኤግዚቢሽኑ ከተነሣ ቆይቷል። ሄድፎኑን ሊጥሉት ሲሉ ለምኜ ወሰድኩት፤ የቀረጻውንም ቅጂ ሰጡኝ። አባቴም ካረፈ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። አንዳንዴ ቀረጻውን እከፍተዋለሁ። «ተረት ተረት» ይልና ይጠብቀኛል።

«የላም በረት» እለዋለሁ፣ አሁን ጮክ ብዬ።

የሰማኝ ይመስል ይቀጥላል።