ፊቱ ነው ጀርባው?

ካሜራውን ያስገጠምኩት ሌባ ለመያዝ ነበር። ወንድሜ የሚነዳት ባጃጅ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ፣ ከእንሰቱ ሥር እንደቆመች ባትሪዋ ተፈትቶ ተወሰደ። አጥራችን ቆርቆሮ፣ በራችን ቆርቆሮ፤ ሌባው ድምፅ ሳያሰማ እንዴት እንደገባ እስካሁን ይገርመኛል። ወንድሜ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ «ሌላ ይገዛል» አለና ወደ ቁርሱ ተመለሰ። እኔ ግን ነገር አንዴ ሆዴ ከገባ አይወጣልኝም። በማግሥቱ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ካሜራ ገጣሚ ፍለጋ ሄድኩ።

ጊዜው ቢሮ ውስጥ አንድ ለአምስት ተደራጁ የምንባልበት፣ ከአንዱ ስብሰባ ወጥተን ሌላው ውስጥ የምንገባበት ዘመን ነው። ወንድሜ ከኮሌጅ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ እሱንም ተደራጅ አሉት። ተደራጀ። ኮብልስቶን ሲጠርብ ከርሞ እጁ ሲሻክር ማኅበሩ ፈረሰ። በመጨረሻ አባታችን ጥሎልን ካለፈው ነገር ላይ ባጃጅ ተገዛለትና ከመናኸሪያ ኦቶና ሆስፒታል፣ ከኦቶና መናኸሪያ ሰው ሲያመላልስ ይውል ጀመር። ማታ ገብቶ እጁን ሲታጠብ ግን ወሬው ደቡብ አፍሪካ ነበር። እገሌ ሱቅ ከፈተ፣ እገሌ ለእናቱ ቤት ሠራ። እናታችን ይህ ወሬ ሲነሳ ዳጣውን ወደ እሱ ገፋ ታደርግና «ብላ» ትለዋለች።

ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው። አማርኛ ለእኛ የትምህርት ቤት፣ የቢሮና የገበያ ቋንቋ ነው። እናቴ አማርኛ ትችላለች፤ ብቻ ወንዱንና ሴቱን ታደባልቀዋለች፣ እኛም እንስቅባታለን። ልጆች ሳለን ጥፋት ስናጠፋ ሰበባችንን የምንደረድርላት በአማርኛ ነበር። ረዘም ያለ አማርኛ ስናወርድባት ግራ ገብቷት የምትተወን ይመስለን ነበር።

ገጣሚው አፉ የማያርፍ ወጣት ነው። ካሜራውን ከቤቱ ዋና በር በላይ፣ ጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ወደ ግቢው በር አዙሮ ሰቀለልን። ሌንሱን የከበቡትን ትናንሽ መብራቶች እያሳየ «እነዚህ ሲጨልም ራሳቸው ይበራሉ፤ የእኛ ዓይን ብርሃናቸውን አያየውም እንጂ እሱ በዚያ ነው የሚያየው። ሌሊቱን እንደ ቀን ነው የሚያሳያችሁ» አለ። እውነቱን ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ጠዋት ጠዋት ከፍቼ ሳያቸው ባጃጇም፣ እንሰቱም፣ የጎረቤት ድመትም ሳይቀር ጥርት ብለው ይታያሉ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ድመቷን ስታይ «ይቺ ናት ለካ ወተቴን የምትደፋው!» ብላ ተደሰተች።

ከዚያ ጊፋታ ደረሰ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ሲመጣ እናቴ ሌላ ሰው ትሆናለች። ዓመቱን ሙሉ ከሴቶቹ ጋር በቅቤ እቁብ ያጠራቀመችው ቅቤ ይወጣል፤ ከበዓሉ ምግቦች፣ ከሙቹዋውና ከባጭራው የተረፈውን ለጋውን ደግሞ እየመረቀች አናታችን ላይ ታደርግልናለች። እኔ ለቢሮ ፀጉሬን ተሠርቻለሁ ብል አትሰማኝም። ሰው ብቻም አይደለም የምትቀባው፤ በዓመቱ ውስጥ ቤታችን የገባ አዲስ ነገር ሁሉ ትንሽ ይደርሰዋል። ባጃጇ በተገዛች ዓመት መሪዋን ቀብታለት ወንድሜ ሳምንቱን ሙሉ እጁ እየተንሸራተተ ሲነዳ ከርሟል። በዚህኛው ጊፋታም ወንድሜ ጎንበስ አለላትና ቀባችው። እጇን አናቱ ላይ ከወትሮው አስረዝማ ያቆየች ይመስለኛል። ወይም ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው እንዲያ መሰለኝ።

ከበዓሉ ማግሥት ጀምሮ ካሜራው ሌሊት ሌሊት ማየት ተወ። ቀን ላይ ምስሉ ትንሽ ደብዘዝ ከማለቱ በቀር ደህና ነው። ሲጨልም ግን ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ነጭ ጉም ይሞላዋል። ባጃጇ ራሷ ጉም፣ በሩም ጉም። ለገጣሚው ደወልኩ። መጣና የበሩን አምፖል ጥፋተኛ አደረገው፤ አምፖሉን አጠፋን፣ ጉሙ አልጠፋም። ቀጥሎ ኃይል አነሰው ብሎ የኃይል አዳፕተሩን ቀየረ። አሁንም ያው። በሦስተኛው «ይሄ የእንሰት ቅጠል ነው ብርሃኑን መልሶ ዓይኑ ላይ የሚያበራበት፤ ይቆረጥ» አለ። እናቴ እንሰቷን ቁረጡ ስትባል በአማርኛ ተነሳችበት።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ካሜራ ባለፈው ታይ ነበር፤ እንሰቱም ያኔ ነበረች! አሁን ዓይኑ የጠፋችው በእሱ ነው?»

ወንድሜ ከባጃጇ ሥር ተኝቶ ብሎን ያጠብቅ ነበርና በሳቅ ፈረሰ። ገጣሚውም ሳቀ። የዚያን ቀን ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፤ ወንድሜ ግቢያችን ውስጥ የሳቀው የመጨረሻው ሳቅ ነው። ገጣሚው ነገ መሰላል ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

ማታ እራት ላይ ወንድሜ እጁን እያደረቀ ለእናቴ «ጠዋት ኦቶና የማደርሰው በሽተኛ አለ፤ በጊዜ ነው የምወጣው። ለምሳ እመጣለሁ» አላት። በአማርኛ ነው የነገራት። እኔ ልብ አላልኩትም። እናቴ «እሺ» አለችው።

ጠዋት ስንነሳ ባጃጇ እቦታዋ ቆማለች። ቁልፏ መቀመጫው ላይ ተቀምጧል። እናቴ ቁልፉን አንስታ መዳፏ ውስጥ ጨብጣው ቆመች እንጂ አልጮኸችም። እኔ ነኝ የጮኽኩት። ሌባ እንዳይገባብን ብዬ ካሜራ ሰቅዬ ነበር፤ ከቤት የወጣው ግን የራሳችን ልጅ ነው።

ገጣሚው እንዳለው መሰላሉን ይዞ መጣ፤ የሆነውን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ ተዘጋ። ቁጭ ብሎ የንጋቱን ቅጂ ከፈተልን። ያው ጉም ነው። ሰማዩ ሊነጋጋ ሲል ከቤቱ በር ሥር አንድ ጠቆር ያለ ነገር ወጣ፣ በጉሙ ውስጥ ቀስ እያለ ሄደ፣ የግቢው በር ጋ ሲደርስ ቆመ። ቆይቶ ጠፋ። ጀርባው ላይ ቦርሳ ይኑር አይኑር አይታወቅም። አብሮት ሰው ይኑር አይኑር አይታወቅም። «ይሄን ማጥራት አይቻልም? ኮምፒውተር ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?» ብዬ ልጁ ላይ ጮኽኩበት። «እህቴ፣ እሱ ያላየውን እኔ ከየት አመጣዋለሁ?» አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚያ ሌላ የሚያደርገው ነገር ስላልነበረ ይመስለኛል መሰላሉን ወጣ።

የካሜራውን መስታወት በጣቱ ነካ። ጣቶቹን አሻሸ፣ አሸተተ።

«ማዘር፣ ይሄ እኮ ቅቤ ነው! መብራቱ ሲበራ ቅቤው ላይ ይበተናል፤ ጉም የሚሠራው እሱ ነው» አለ።

እናቴ ታች ቆማ ሽቅብ ታየው ነበር። እኔ በዓይኔም በእጄም ዝም በል እያልኩት ነው፤ እሱ ግን መልሱን በማግኘቱ ደስ ብሎት በጨርቅ እየወለወለ ቅቤ በእንዲህ ያለ መብራት ፊት ምን እንደሚያደርግ ማብራራቱን ቀጠለ። እናቴ ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። «ደህና አድርጎ እንዲያይ ብዬ ነው» አለች በወላይትኛ፤ ለእኔም ለእሱም አይደለም የተናገረችው።

ያን ምሽት ካሜራው ጥርት አድርጎ አየ። ባጃጇ፣ እንሰቱ፣ የተዘጋው በር። ገጣሚው የንጋቱን ቁራጭ ቅጂ እንዳይጠፋ ብሎ በፍላሽ ገልብጦ ሰጥቶኝ ስለነበር ፍላሹን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ልብሴ ሥር ከተትኩት። እሱም ዋጋ አልጠየቀኝም፣ እኔም አላመሰገንኩትም።

ወንድሜ አንዴ ደውሏል። ሞያሌን አልፌያለሁ፣ ከልጆች ጋር ነኝ፣ አታስቡ አለ። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ «በላህ?» ብቻ አለችው፤ መስመሩ ተቆረጠ። በዚያው ጠፋ። አብረውት ነበሩ ከተባሉት ሁለቱ ከየት እንደሆነ ባላውቅም ለቤተሰቦቻቸው ደውለዋል፤ ስለ እሱ ሲጠየቁ አንዱ መንገድ ላይ ተለያየን ይላል፣ ሌላው ያለቅሳል። እናቴ ያንን የሚያለቅሰውን ድጋሚ እንድደውልለት አትፈልግም።

ዓመቱ ዞሮ ጊፋታ ሲመጣ ቅቤዋን እንደ ወትሮው ከእቁቡ ተቀበለች። ጠዋት ልብሴን ለብሼ፣ ፀጉሬን ሳልሠራ፣ ፊቷ ጎንበስ አልኩላት። ጠበቅኩ። ቅቤው ያለበትን ሣህን አንስታ ሰጠችኝና «ራስሽ ተቀቢ» አለችኝ። ተቀባሁ።

ከዚያ «ያንን አምጪውና አሳዪኝ» አለችኝ። ፍላሹ የት እንደተቀመጠ ታውቅ ኖሯል።

እናቴ የምታምነው አንድ ነገር አላት። ከማን እንደሰማችው አላውቅም። ከቤቱ ርቆ የሚሄድ ሰው በር ላይ ሲደርስ ፊቱን አዙሮ ቤቱን ካየ፣ የቱንም ያህል ቢቆይ ይመለሳል ትላለች። ሳያይ ከወጣ ግን ነገሩን አትጨርሰውም። አባታችን ለሕክምና ሲወጣ ዞሮ አላየም ብላ ቀብሩ ላይ እንኳ ስትናገር ሰምቻታለሁ።

ቴሌቪዥኑ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጉሙ መጣ። ጠቆር ያለው ነገር ከበሩ ሥር ወጥቶ ቀስ እያለ ሄደ፣ የግቢው በር ጋ ደርሶ ቆመ። እዚያ ላይ አስቆምኩት። እናቴ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ልትለጥፈው እስክትደርስ ተጠጋች።

«ፊቱ ነው ጀርባው?» አለችኝ።

ስንት ጊዜ ለብቻዬ አይቼዋለሁ። አንዳንዴ ፊት ይመስላል፣ አንዳንዴ ጀርባ። ከላይ ጠቆር፣ ከታች ሳሳ ያለ ነገር፣ ዙሪያው ቅቤ።

«ፊቱ ነው፣ እማዬ። ዞሮ ቤቱን እያየ ነው። በደንብ ይታያል እኮ፤ ያውና ግንባሩ» አልኳት።

እናቴ ስክሪኑን ትታ ወደ እኔ ዞረች።

«በአማርኛ ነገርሽኝ» አለች።

እኔ አልታወቀኝም ነበር።

«እሱም ያን ማታ ለምሳ እመጣለሁ ያለኝ በአማርኛ ነው። ከልጅነታችሁ ጀምሮ አውቃችኋለሁ። ሰምቼ ዝም አልኩት፤ የበዓል ሰሞን ነው፣ አላስከፋውም ብዬ።» ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። «በይ አሁን በእኛ ቋንቋ ንገሪኝ። ፊቱ ነው ጀርባው?»

አጭር መልስ ናት። ከአፍ መፍቻዬ ናት፣ ምላሴ ላይ ነበረች። አልወጣ አለችኝ።

እናቴ ተነስታ ቴሌቪዥኑን ራሷ አጠፋችው።