ለጾመኛው የወጋሁት መርፌ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ያስታጎልኩትን ጸሎት ሁሉ ስዘረዝር ይህችን አንዷን እያለፍኩ አርጅቻለሁ። እናንተ የምታነቡ፣ ስሙኝ፤ ግን አትዘኑልኝ።

ከደብረ ታቦር ወጥቼ አቃቂ ስገባ አንድም ዘመድ አልነበረኝም። ከባቡር ጣቢያው በታች ባለች የግል ክሊኒክ በነርስነት ተቀጠርኩ። ሰፈሩ "ጾመኛዋ ሲስተር" ይለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። ኃጢአቴ የጀመረው ከዚያ ደስታ ነው።

ጋሽ ወርቁ የሃዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። በሰሞነ ሕማማት፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ወገባቸውን ይዘው መጡ። ከዚያች ማታ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ እህል ውሃ ሳይቀምሱ ሊያከፍሉ ነው፤ በየዓመቱ ያደርጉታል።

"ሲስተርዬ፣ ነገ ስግደት አለ። ይህ ወገብ ደግሞ እንደ አሮጌ ፉርጎ ይንቋቋል።"

"እንክብል ልስጥዎት?"

"ከዛሬ ማታ ወዲያ በምን ላወርደው? መርፌ ይሻላል፤ በአፍ አይገባ፣ ጾም አያስፈታ። ለባለቤቴ ለዘነበች እንዳትነግሪብኝ ብቻ፤ አረጀ ብላ ትስቅብኛለች።"

እኔም ሳቅኩ። ሳቅኩና መርፌውን ቀዳሁ።

አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር እንጂ! ትምህርት ቤት መምህራችን በደንብ አስተምረውናል። ሰውነታችን ፕሮስታግላንዲን የሚባል ነገር ይሠራል። ሕመምንና እብጠትን የሚቀሰቅስ እሱ ነው፤ ግን የደም ሥርንም ያሰፋል። ሰውም ሆነ እንስሳ ውሃ አጥቶ ደሙ ሲያንስ፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ሥር ከፍቶ የሚይዘው እሱ ነው። ያ የማስታገሻ መርፌ ሕመሙን የሚያጠፋው ይህንኑ ነገር አግዶ ነው። ሥሩ ይጠባል፤ ኩላሊት ደም ያጣል። "የጠማውን በሬ እንኳ በዚህ እንዳትወጉ" ይሉን ነበር።

ወይ ውሃ ይጠጡ፣ ወይ ሕመሙን ይቻሉት ማለት ነበረብኝ። ታዲያ እኔ፣ ጾመኛዋ፣ በሕማማት ሰውን እንዴት ውሃ ጠጣ ልበል? "ጾም አስፈታች" ቢሉኝስ? ለስሜ ፈራሁ። ሐሙስ ወጋኋቸው። ዓርብ ጠዋት ወደ ስግደቱ ሲሄዱ ወጋኋቸው። ቅዳሜ ረፋድ ፊታቸው አባብጦ መጡና "ሽንቴም እምቢ አለኝ፤ እሱም አክፍሏል መሰለኝ" ብለው ቀለዱ። ምልክቱን በጆሮዬ ሰማሁ። እየሰማሁ ወጋኋቸው።

የትንሣኤ ዕለት አንደበታቸው ተያዘ። ሆስፒታል ስንወስዳቸው ሐኪሙ ወጥቶ ጠየቀን፦ "መድኃኒት ወስደው ነበር?" ሚስታቸው እትዬ ዘነበች ወደ እኔ ዞሩ።

"ምንም አልወሰዱም፤ ጾም ብቻ ነው" አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ጾሙን ከሰስኩት፤ እጄን ደበቅኩ። ጋሽ ወርቁ ሳምንት ሳይሞላቸው አረፉ። እውነቱን ብናገር ይድኑ ነበር? አላውቅም። ሐኪሙ ግን ምን እንደሚታገል አውቆ ይታገል ነበር። ያንን ነጠቅኩት።

ለቅሶው ላይ እትዬ ዘነበች ደረታቸውን እየደቁ "እኔ ነኝ የገደልኩት!" ይሉ ነበር። "ቅዳሜ ደከመኝ ሲለኝ፣ 'አንድ ቀን ለቀረው ልታፍር ነው?' ብዬ ያስጨረስኩት እኔ ነኝ!" አቅፌ እንባቸውን ጠረግኩ። "የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" አልኳቸው። በእግዚአብሔር ስም! አፌ እንዴት እሺ አለኝ?

ከዚያ በኋላ እትዬ ዘነበች አንድም ዓመት አላከፈሉም። ሕማማት ሲገባ በራቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ። ልጠይቃቸው ስሄድ ዛሬም ያንኑ ይደግማሉ፤ "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ።" እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ የራሴን ቃል ከአፋቸው እሰማለሁ።

ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ጾም ያዝዙብኛል። ጾም ደግሞ ለእኔ ቅጣት አይደለም፤ እወደዋለሁ፤ እመሰገንበታለሁ።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ብቻዬን ነበርኩ፣ ባይተዋር ነበርኩ አልልም። እትዬ ዘነበች፣ ባልዎን እርስዎ አልገደሏቸውም። የወጋሁት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት ቤትዎ መጥቼ ይህንኑ በአፌ እነግርዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ ብዬ አላስጨንቅዎትም። በሩን ቢዘጉብኝም፣ እውነቱን አውቀው ይዝጉት።